የፈንጣጣ ዘመዶች ክትባት ሲሸከሙ፦ ለጣና ዙሪያ የትኛውን እንምረጥ?

ከማስተርስ ተማሪዎች ጋር ቡና በጠጣን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ከፖክስ ቫይረሶች ምርጡ ተሸካሚ የትኛው ነው?» ከፈንጣጣና ከዘመዶቹ ቫይረሶች መካከል የሌላ በሽታ ጂን ተሸክሞ ክትባት የሚሆነውን ማለታቸው ነው። ፕሮፖዛል ሊጽፉ ነው፤ ጊዜ የላቸውም። አንዱ ኤምቪኤ ስለሚባለው ቫይረስ አንብቦ ልቡ እዚያው ቀርቷል። ሌላዋ ካፕሪፖክስ የሚባለው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቃቸው ሌላ ነው። ማንን ነው የምትከትቡት? ላሟን ማን ያልባታል? ብልቃጡስ እዚያ ድረስ በምን ይሄዳል?

እነዚህን ሳይመልስ ተሸካሚ የሚመርጥ ሰው፣ ጭነቱንም መንገዱንም ሳያይ አህያ እንደሚገዛ ሰው ነው።

ስለዚህ ይህን ጻፍኩ። ለተማሪዎቹ ነው፤ ግን በወረዳና በቀበሌ ከብት የሚከትቡ ባለሙያዎችም ቢያዩት ደስ ይለኛል። ላብራቶሪ ውስጥ የተመረጠውን ነገር በመጨረሻ ተሸክመው በጭቃ የሚሄዱት እነሱ ናቸውና።

ለአዲስ አንባቢ ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የተዳከመ ወይም የማይጎዳ ቫይረስ ይወሰድና የሌላ በሽታ አንድ ጂን ይገባበታል። ሰውነት ውስጥ ሲደርስ ያን የእንግዳ ፕሮቲን ይሠራል፤ ሰውነትም ፕሮቲኑን ለይቶ ያውቀውና ይዘጋጃል። በሽታው ራሱ ግን አልገባም። ፖክስ ቫይረሶች ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው። ዲኤንኤአቸው ትልቅ ነው፤ ቫክሲኒያ የሚባለው 190 ሺህ ያህል ጥንድ ፊደላት አሉት፣ በዚያ ላይ እስከ 25 ሺህ ተጨማሪ መሸከም ይችላል። የሚባዙት በሴሉ ሳይቶፕላዝም፣ ማለትም ከኒውክለሱ ውጭ ባለው ክፍል ውስጥ ስለሆነ ኒውክለስ ውስጥ ወዳለው ዲኤንኤ አይገቡም። እኔ በጣም የምወደው ጠባያቸው ግን ሌላ ነው፤ በቅዝቃዜ ደርቀው በዱቄት መልክ ሲቀመጡ ሙቀት ይችላሉ። ያ ባይሆን ኖሮ የፈንጣጣ ክትባት ኦጋዴን ድረስ በምን ይደርስ ነበር? የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው እዚያ ነው፣ ነሐሴ 1968 ዓ.ም።

ቫክሲኒያ፦ ታሪኩ የኛ፣ ምርጫው ግን ከባድ

የፈንጣጣ ክትባት የነበረው ቫይረስ ይህ ነው። አባቶቻችን ክንድ ላይ ያለችው ክብ ጠባሳ የእሱ ናት። የሌላ በሽታ ጂን እንዲሸከም የተደረገው መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን፣ ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች ናቸው ለየብቻ ያደረጉት፤ አንዱ የበርናርድ ሞስ ቡድን ነው።

ከዚህ ሙያ ውስጥ የኛ ሰው አለ። ፕሮፌሰር ጥላሁን ይልማ፣ ኢትዮጵያ የተወለዱ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያስተማሩና የተመራመሩ የቫይረስ ሊቅ። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ደስታ ከሚባለው የከብት በሽታ ቫይረስ ኤችና ኤፍ የተባሉ ጂኖች ወስደው ቫክሲኒያ ውስጥ አስገቡ። የተከተቡት ከብቶች በኋላ የደስታ ቫይረስ ሲሰጣቸው ተረፉ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1988 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ወጣ።

ስሙ ደስታ ይሁን እንጂ ያመጣብን ክፉ ቀንን ነው። በ1880 ዓ.ም አካባቢ በምጽዋ በኩል፣ ጣሊያኖች ካስመጧቸው ከብቶች ጋር ገባ። ከአገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል አለቀ ተብሎ ይገመታል። በሬ ጠፋ፣ እርሻ ቆመ፣ ሰው በዶማ ቆፈረ፤ አጤ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ሲቆፍሩ ለሕዝቡ ታዩ ይባላል። ከዚህ አገር የወጣ ሰው ዕድሜውን ለዚህ ቫይረስ መስጠቱ አይገርመኝም፤ እኔንም ወደ ማይክሮባዮሎጂ ከሳቡኝ ታሪኮች አንዱ ይህ ነው።

ግን ደስታን ከምድር ያጠፋው በመጨረሻ የቫክሲኒያው ክትባት አልነበረም። ዎልተር ፕላውራይት ሙጉጋ፣ ኬንያ ውስጥ የሠሩት ነባሩ ክትባት ነው። እሱ ሙቀት አይችልም ነበር። በኋላ ሙቀት እንዲችል ተደርጎ ተዘጋጀና አፋር ድረስ በእግር ሄደ፤ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ሠልጥነው ከተቡበት። እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ጠፋ ተብሎ ታወጀ። ለተማሪዎቼ ይህን ሳነሳ ብዙዎቹ ያዝናሉ፤ እኔ ግን ፕሮፖዛላቸው ውስጥ «ከነባሩ ክትባት በምን ይበልጣል?» የሚል አንድ ገጽ እንዲኖር እፈልጋለሁ። ሙቀት መቻል ብቻ ከሆነ መልሱ፣ ነባሩን ሙቀት ማስቻል ይቀል ይሆናል።

ታዲያ ዛሬ ቫክሲኒያን ለላም እንምረጥ? የእኔ መልስ እዚህ አካባቢ አይሆንም ነው። የሚራባ ቫክሲኒያ ከከብት ወደ ሰው ይሻገራል። ብራዚል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ካንታጋሎ የተባለው የቫክሲኒያ ዝርያ የላሞችን ጡት አቁስሎ አላቢዎቹን እጃቸው ላይ አቁስሏል። አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 አንዲት ነፍሰ ጡር፣ ውሻዋ አፉ ውስጥ የያዘውን፣ ለዱር እንስሳት የተበተነ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያለበት ማጥመጃ ምግብ ልታስጥል ስትል ተነከሰችና በክትባቱ ቫይረስ ታመመች። ማጥመጃው ውስጥ የነበረው ቫክሲኒያ ነው። አሁን ፎገራን አስቡ። ላም በእጅ ይታለባል። አላቢዋ እናት ልጇን በጀርባዋ አዝላለች። ቤት ውስጥ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ኤችአይቪ እንዳለበት ያላወቀ ወጣት በሚራባ ቫክሲኒያ ሲከተብ ሰውነቱን እንዳዳረሰው የተመዘገበ ነገር አለ። ስለዚህ አይሆንም።

ያም ሆኖ ፍትሐዊ እንሁን። ያው የእብድ ውሻ ማጥመጃ ቤልጂየም፣ ፈረንሳይና ሉክሰምበርግ ውስጥ በቀበሮዎች ላይ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ጫካ ውስጥ ያለ ቀበሮ አይታለብም።

ኤምቪኤ፦ ለሰው ከሆነ ከዚህ ጀምሩ

ኤምቪኤ የቫክሲኒያ ልጅ ነው። ጀርመን ውስጥ አንቶን ማየርና ባልደረቦቻቸው ቫይረሱን በጫጩት ፅንስ ሴል ላይ ከ570 ጊዜ በላይ እያዛወሩ አሳደጉት። በመንገድ ላይ ከዲኤንኤው ብዙ ጣለ። አሁን የሰው ሴል ውስጥ ይገባል፣ ፕሮቲን ይሠራል፣ ግን ተባዝቶ አይወጣም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ 120 ሺህ ያህል ሰው ተከትቦበታል። የመከላከል አቅማቸው ለደከመ ሰዎችም የሚፈቀድበት ምክንያት ይኸው አለመባዛቱ ነው።

ተሸካሚ ሆኖም ተፈትኗል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 የፈቀደው ባለ ሁለት ዙር የኢቦላ ክትባት ሁለተኛው ዙር ኤምቪኤ ነው። ምንም ጂን ሳይሸከም ደግሞ ራሱ የኤምፖክስ ክትባት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የቅድመ ብቃት ማረጋገጫ ሰጥቶታል። በግንቦት 2017 ዓ.ም ሞያሌ ላይ ኤምፖክስ ከተገኘ ወዲህ እዚህም ስሙን የሚያውቅ ሰው በዝቷል።

ጉድለቱ ምንድነው? ስለማይባዛ ብዙ መጠን ይፈልጋል፣ አብዛኛውን ጊዜም ሁለት ዙር። ፈሳሹ የሚቀመጠው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ነው። ባሕር ዳር ከተማ ይህ ይቻላል። ደቅ ደሴት ላይ ግን በጀልባ ሰዓታት ተጉዞ፣ ለሁለተኛው ዙር ደግሞ ከአራት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መሄድ ነው። በዚህ ላይ ፈንጣጣ የተከተቡ አዛውንቶች ሰውነት ቫክሲኒያን ስለሚያስታውስ፣ ተሸካሚውን ቶሎ መትቶ የተሸከመውን ጂን ሥራ ሊያደክምበት ይችላል። ወጣቶች ላይ ይህ ችግር የለም። ስለዚህ ጥናታችሁ ውስጥ ዕድሜን ለዩ፤ ክንድ አስገልጣችሁ ጠባሳ እዩ። ነጻ ምርመራ ነው።

ናይቫክ የሚባለው ሌላው የቫክሲኒያ ልጅ 18 ጂኖች ሆን ተብለው የተቆረጡበት ነው። ጥሩ ነው። ግን ኤምቪኤ ያለው ያህል የሰው ልምድ የለውም፤ የመጀመሪያ ሥራችሁ ከሆነ እለፉት።

ካናሪፖክስ ላይም ብዙ አልቆይም። የወፍ ቫይረስ ነው፣ አጥቢ እንስሳ ውስጥ አይራባም፣ በጣም ደህና ነው። ውሻ፣ ድመትና ፈረስ ላይ ለገበያ የዋሉ ክትባቶች ተሠርተውበታል። ሰው ላይ ታይላንድ ውስጥ ከ16 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበት የኤችአይቪ ሙከራ ከሌላ ክትባት ጋር ተጣምሮ 31 በመቶ ያህል መከላከል አሳየ፤ ብዙ ተስፋ አደረግን። በኋላ ደቡብ አፍሪካ ላይ የተደረገው ተከታይ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2020 ጥቅም አላሳየም ተብሎ ቆመ። ለባሕር ዳር የጋሪ ፈረስ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን ባለ ጋሪው የሚችለው ዋጋ አይመስለኝም።

ዶሮ ላይ ስንመጣ

የዶሮ ፈንጣጣ ቫይረስ፣ ማለትም ፋውልፖክስ፣ ለዶሮ የተመቸ ተሸካሚ ነው። የወፍ ጉንፋን ጂን የተሸከመው ሜክሲኮ ውስጥ በብዛት ጥቅም ላይ ውሏል፤ የፈንግልን ጂን የተሸከመም አለ። አከታተቡን አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም። ዶሮዋን አንድ ሰው ይይዝና ክንፏን ይዘረጋል። ከክንፉ ፊት ያለውን ስስ ቆዳ ላባውን ገለል አድርጎ ያያል፤ ደም ሥሩ ብርሃን ላይ ይታያል፣ እሱን መሸሽ ነው። ሹካ የመሰለ ባለ ሁለት ጥርስ መርፌ ብልቃጡ ውስጥ ይነከራል፣ ቆዳውን በስቶ ያልፋል። አለቀ። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ክንፉን መግለጥ ነው፤ የምስር ፍሬ የምታህል እብጠት ወይም ቅርፊት ካለች ክትባቱ ይዟል። ከሌለች አልያዘም። ላብራቶሪ ሳይኬድ በዓይን የሚታይ ማስረጃ! ከብልቃጥ ይልቅ ዓይኑን ለሚያምን አርቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ተፎካካሪው የቱርክ ዶሮ ሄርፒስ ቫይረስ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ላይ በመርፌ ይሰጣል፤ ለረጅም ጊዜም ይከላከላል። ግን አብዛኛው በሕያው ሴል ውስጥ ሆኖ በፈሳሽ ናይትሮጅን የሚቀመጥ ነው። ባሕር ዳር ዙሪያ ጫጩት የሚያስፈለፍል ትልቅ ድርጅት ከሆናችሁ እሱን እዩ፤ ናይትሮጅኑን ታገኛላችሁ፣ ጫጩቶቹም በአንድ ቀን በአንድ ቦታ ይገኛሉ። ዘጌ ቡና ሥር ለሚጭሩት አሥራ አምስት ዶሮዎች ግን አይሆንም።

እውነቱን ልናገር፣ ለእነዚያ አሥራ አምስት ዶሮዎች ፋውልፖክስንም አልመርጥም። ፈንግል ከሆነ ጭንቀታችሁ፣ አይ-ቱ የሚባለው ሙቀት የሚችል ተራ ክትባት በዓይን ጠብታ ይሰጣል፤ አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ እንኳ እናቱን እያገዘ ይጨርሰዋል። ምንም የተቀየረ ጂን የለውም። ሌላው ነገር፣ ዶሮዎቹ ቀድሞ የዶሮ ፈንጣጣ ይዟቸው ወይም ተከትበው ከነበር የፋውልፖክስ ተሸካሚ ሥራው ይቀንሳል፤ ይህ በጥናት የታየ ነው፣ የሰፈር ዶሮ ደግሞ ምን ይዞት እንደነበር ማን ያውቃል።

ካፕሪፖክስ፦ የኔ ምርጫ፣ ከነጥያቄዎቹ

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ከክትባት ዘመቻ ጋር ፎገራ ሜዳ ሄጄ ነበር። ውኃው ሸሽቶ ሣሩ ለምለም የሆነበት ጊዜ ነው፣ ዝንቡም እንደዚያው። ጥቁርና ነጭ የፎገራ ላሞች በእንጨት ማጠሪያው ውስጥ ተሰልፈዋል። ብልቃጡ ከተበጠበጠ በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስንጀምር ሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ይንኳኳ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ እጄን ስሰድ ውኃ ሆኗል፣ ለብ ያለ ውኃ። ገና ስልሳ ላም ቆሟል። ከታች የመጣ አንድ ሽማግሌ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ የዛሬ ማታውን ወተት ለልጆቹ እንስጣቸው ወይስ እንድፋው?» አሉኝ። የቀረቡት ክትባቶች የካፕሪፖክስ ስለነበሩ ሳላመነታ «ይጠጡት አባቴ፣ እንደ ልማዳችሁ አፍልታችሁ» አልኳቸው። ቫክሲኒያ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ባልመለስኩ።

ካፕሪፖክስ ዳልጋ ከብትን፣ በግንና ፍየልን የሚይዝ ቤተሰብ ነው። የበግ ፈንጣጣ፣ የፍየል ፈንጣጣና የከብት ቆዳ እብጠት በሽታ፣ ባለሙያዎች ኤልኤስዲ የሚሉት፣ ሁሉም የእሱ ናቸው። ሰውን አይዝም። የቆዳ እብጠቱ ደግሞ የኛው ጎረቤት ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1983 ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ነው። የታመመች ላም ቆዳዋ ባቄላ የተዘራበት ይመስላል፣ ወተቷ ይነጥፋል፣ ቆዳዋ ዋጋ ያጣል።

ከዚህ ነው የካፕሪፖክስ ትልቁ ጥቅም የሚመጣው። ተሸካሚው ራሱ ክትባት ነው። አንድ መርፌ፣ ሁለት በሽታ። እ.ኤ.አ. በ1993 የደስታን ጂን የተሸከመ ካፕሪፖክስ ከብቶችን ከደስታም ከቆዳ እብጠትም እንደሚከላከል ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ደስታ መሰል የሚባለውን የበግና ፍየል በሽታና ፈንጣጣን አንድ ላይ የሚከላከል ተሠራ። አንድ ቀን ሙሉ ፍየሎቹን ከተራራ ሰብስቦ ለሚያመጣ እረኛ፣ ሁለተኛ ቀን መቅረቱ ራሱ ክትባቱን የመቀበልና ያለመቀበል ጉዳይ ነው።

አሁን ጥያቄዎቹ። መጀመሪያ፣ የትኛው ካፕሪፖክስ? ስም አትመኑ። የኬንያ የበግና ፍየል ፈንጣጣ ተብሎ ለዓመታት የተሰጠው ዝርያ፣ ጂኑ ሲነበብ የከብቱ የቆዳ እብጠት ቫይረስ ራሱ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አገራችን ውስጥ የተሠራ ጥናት ሦስት ክትባቶችን ሲያወዳድር፣ ከብቶቹን የጠበቀው ጎርጋን የተባለው የፍየል ፈንጣጣ ዝርያ ነበር፤ የኬንያውና ኔትሊንግ የተባለው አልጠበቁም። ኔትሊንግ ግን የባልካን አገሮች ላይ በሽታውን አስቁሟል። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምንነትና ጥራት ይወስናል። ደካማ አህያ ላይ ውድ ዕቃ መጫን ነው የሚሆነው፤ ጂን ከማስገባታችሁ በፊት ተሸካሚው ለራሱ በሽታ እንደሚያገለግል አረጋግጡ። ተማሪ ይህን ዘሎ ሲያልፍ በጣም ያሳዝነኛል፣ ሁለት ዓመቱን ይበላበታል።

ሁለተኛው መቀላቀል ነው። ፖክስ ቫይረሶች አንድ ሴል ውስጥ ሲገናኙ ዲኤንኤ ይለዋወጣሉ። ሩሲያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የተገኘ የቆዳ እብጠት ቫይረስ ከክትባት ዝርያዎች ተደባልቆ የወጣ ነው፤ መነሻውም ንጹሕ ያልሆነ ክትባት መሆኑን ተከታይ ጥናቶች አሳይተዋል። በሽታው እየዞረ ባለበት መንጋ ውስጥ የሚራባ ተሸካሚ ስትለቁ ይህን በግልጽ ጻፉት። ዘመቻውን ዝንቡ ከመብዛቱ በፊት፣ በበጋው ማድረግ አንዱ መንገድ ነው።

ከዚህ ሌላ፣ የተከተበች እናት የወለደችው ጥጃ ከእናቱ ወተት ባገኘው መከላከያ ተሸካሚውን ሊመታው ይችላል፤ ስለዚህ ጥጃ ላይ ወራት መጠበቅ ያስፈልጋል። ሕያው የተቀየረ ቫይረስ ከላብራቶሪ ለማስወጣት ደግሞ በደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በኋላ በወጣው ማሻሻያው መሠረት ፈቃድ ግድ ነው። የፈቃዱን ጊዜ ፕሮፖዛሉ ውስጥ ካላስገባችሁ ጥናቱ ፍሪጅ ውስጥ ይቀራል። ፍሪጅ ካልኩ አይቀር፣ አንድ ቦታ መብራት ቅዳሜና እሁድ ሄዶ ሰኞ ስንገባ የሁለት ወር ናሙና በስብሶ አግኝተናል። ከዚያ ወዲህ ሙቀት መቻል ለእኔ የመጨረሻ ገጽ ጉዳይ አይደለም።

ደስታ መሰልን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከዓለም ለማጥፋት የተያዘው ዘመቻ ግን ካፕሪፖክስን አይጠብቅም። ናይጄሪያ 75/1 የሚባለው ነባሩ ክትባት አንዴ ተሰጥቶ ለዓመታት ይከላከላል። አንድ ነገር ግን አይችልም፤ የተከተበችውን ፍየል ታማ ከዳነችው በደም ምርመራ መለየት። ካፕሪፖክሱ የሚሸከመው አንድ ወይም ሁለት ጂን ብቻ ስለሆነ ይለያል። በሽታው ሊጠፋ ሲቃረብ፣ የመጨረሻዋ የታመመች መንጋ የት እንዳለች ስንፈልግ፣ ይህ ልዩነት ወርቅ ነው። ፕሮፖዛል የሚጻፍበት ክፍተት እዚህ አለ ብዬ አምናለሁ።

ያቺ ካፕሪፖክስ ካልሆነ ያለችው ተማሪ ባለፈው ሳምንት ረቂቋን ይዛ መጣች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስለ ቫይረሱ አንድም ቃል የለም። «የምትከተበው፦ ፍየል። ቦታ፦ ደቅ ደሴት። የሚይዛት፦ የአሥር ዓመት እረኛ። ከባሕር ዳር የሚወስደን፦ የጠዋቱ ጀልባ፣ አንድ የበረዶ ሣጥን» ይላል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው ካፕሪፖክስ የሚለው ቃል የሚጀምረው።